አላየሁም ማለት ያድናልን?

አንድ ሰው በመንደሩ ጉድጓድ ውስጥ መርዝ ሲጨመር አይቶ ዝም ቢል በደለኛ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ልማዱም፣ ሕጉም፣ ሃይማኖቱም በዚህ ላይ ይስማማሉ። እስቲ ግን ጥያቄውን ጥቂት እናዙረው። ጉድጓዱን እንዲጠብቅ የተሾመው ሰው ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ቢቀመጥና፣ በኋላ ሕዝቡ መታመም ሲጀምር «እኔ አላየሁም» ቢልስ? እውነቱን ነው፤ አላየም። ዋሸ ልንለው አንችልም። ታዲያ ንጹሕ ነው?

ይህን ያነሣነው ለሻይ ቤት ክርክር ማሟሟቂያ እንዲሆን ብቻ አይደለም። በዛሬው ዓለም ጉድጓዱ ወንዙ፣ ሐይቁና የቧንቧው ውኃ ነው፤ ጠባቂው መንግሥት ነው፤ መርዙም ከፋብሪካ ወጥቶ ለዘመናት የማይጠፋው ኬሚካል ነው። ጠባቂው ካልለካ አያይም። ካላየ አይጠየቅም። ወይስ ይጠየቃል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ መርዙ ጠባይ ጥቂት እንበል። ተፈጥሮ የራሷን ቆሻሻ ራሷ ትበላለች። ቅጠል ይረግፋል፣ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል። የሰውም ገላ እንዲሁ። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ተፈጥሮ አሠራሩን የማታውቀውን፣ ባክቴሪያም ፀሐይም በቀላሉ የማይፈታውን ነገር ሠራ። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ብዙ የሚነገርላቸው በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃላቸው «ፒፋስ» የሚባሉት ናቸው። ዓይነታቸው በሺህ ይቆጠራል። የሁሉም መሠረት የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ሲሆን፣ ይህ ትስስር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት ሁሉ እጅግ ከጠነከሩት አንዱ ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ጥንካሬ ነው። ምግብ የማይዝ መጥበሻ፣ ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ ቅባት የማያሳልፍ መጠቅለያ ወረቀት፣ የነዳጅ ቃጠሎ የሚያጠፋ አረፋ የተሠራው በእነሱ ነው። ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ግን የትም አይሄዱም። አፈር ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ፣ ደም ውስጥ ይቀመጣሉ።

ደግሞም በውኃ ውስጥ ሲገኙ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም አይሰጡም። እናቶቻችን ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ደኅና መሆኑን በዓይናቸውና በምላሳቸው ይለዩ ነበር። የደፈረሰውን ያጠሉታል፣ የሸተተውን ይደፉታል። ሁሉንም በሽታ ያውቁ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ውኃ መበላሸቱን ለመናገር ሥልጣን አያስፈልግም ነበር። አሁን ግን መሣሪያ፣ ላቦራቶሪ፣ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ያለው በመንግሥትና በፋብሪካው እጅ ነው። ጠጪው ሕዝብ ስለሚጠጣው ነገር የሚያውቀው እነዚህ ሁለቱ ሊነግሩት ሲፈቅዱ ሆነ። የሞራሉ ቋጠሮ የሚቋጠረው እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ፓርከርስበርግ በምትባል ከተማ አጠገብ ዱፖን የተባለው ኩባንያ ቴፍሎን የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረው። ከ1951 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ «ሲ-8» የሚባለውን የፒፋስ ዓይነት ይጠቀም ነበር፤ ስሙ የወጣለት ስምንት የካርቦን አቶሞች ስላሉት ነው። ኬሚካሉ የእንስሳትን ጉበት እንደሚነካ የኩባንያው ተመራማሪዎች በ1961 ያውቁ ነበር። በ1984 ኩባንያው ከአካባቢው የቧንቧ ውኃ አስቀድቶ በራሱ ላቦራቶሪ አስመረመረ፤ ሲ-8 ተገኘበት። በ1991 የራሱ ሳይንቲስቶች ለመጠጥ ውኃ የሚሆን የውስጥ ወሰን አወጡ፤ በአንድ ቀበሌ ውኃ ውስጥ የተገኘው ግን የወሰኑን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ይህ ሁሉ ተጽፎ፣ ተቆጥሮ፣ መዝገብ ቤት ገባ። ውኃውን የሚጠጣው ሕዝብ አልተነገረውም።

መንግሥትስ የት ነበር? በ1976 አሜሪካ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን የሚቆጣጠር ሕግ አውጥታ ነበር። ይሁን እንጂ ሕጉ ሲወጣ በገበያ ላይ የነበሩት ስልሳ ሺህ ያህል ኬሚካሎች ሳይመረመሩ እንዲቀጥሉ ተተዉ፤ ሲ-8ም ከእነሱ አንዱ ነበር። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አንድን ኬሚካል «አስመርምሩ» ብሎ ለማዘዝ፣ ጎጂ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ማስረጃ በቅድሚያ ያስፈልገው ነበር። ማስረጃው ደግሞ ሳይመረመር አይገኝም። ዶሮ ይቅደም ዕንቁላል የሚባለው ክርክር ሕግ ሆኖ ታወጀ ማለት ነው።

በ1990ዎቹ ደግሞ ከፋብሪካው ቆሻሻ መጣያ በታች የሚኖር የአንድ ገበሬ ከብቶች ማለቅ ጀመሩ። ከመቶ ሃምሳ በላይ ሞቱበት። አቤት አለ። መንግሥትና ኩባንያው ሦስት ሦስት የእንስሳት ሐኪሞች መርጠው አንድ የጥናት ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ አጥንቶ የደረሰበት ውሳኔ «ከብቶቹ በደንብ አልተመገቡም፣ በደንብም አልታከሙም» የሚል ነበር። በሪፖርቱ ላይ ሲ-8 የሚባል ነገር አልተነሣም። ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ መንግሥት ዝም አላለም። መጥቷል፣ መርምሯል፣ ፈርሟል። ያልፈለገውን ነገር ግን ሊያገኝ አልቻለም። በወረቀቱ ላይ ጥፋተኛ ሆኖ የቀረው ከብቶቹ ያለቁበት ሰው ነው።

ነገሩን አደባባይ ያወጣው ሮበርት ቢሎት የተባለ ጠበቃ ነው። ፍርድ ቤት አስገድዶ ያስረከበውን ከመቶ ሺህ ገጽ በላይ የኩባንያ ወረቀት አንብቦ በ2001 ለመንግሥት አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ስልሳ ዘጠኝ ሺህ ያህል የአካባቢው ነዋሪዎች ደማቸውን ሰጡ። የሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2012 ጥናቱን ሲጨርስ ሲ-8 ከስድስት በሽታዎች ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ገለጸ፤ የኩላሊትና የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ በሽታ፣ የአንጀት ቁስለት፣ የኮሌስትሮል መብዛትና በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ የደም ግፊት ናቸው። በ2017 ለሦስት ሺህ አምስት መቶ ያህል ከሳሾች 671 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደረገ። ከ1951 እስከ 2012 ስልሳ አንድ ዓመት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

እሺ፣ አሁንስ ይለካል ወይ? ይለካል። በ1996 በተሻሻለው የመጠጥ ውኃ ሕግ መሠረት፣ ወሰን ካልወጣላቸው በካዮች ውስጥ እስከ ሠላሳ የሚደርሱ እየተመረጡ በየአምስት ዓመቱ በአገሪቱ ይለካሉ። ከ2013 እስከ 2015 በተደረገው ሦስተኛ ዙር ስድስት የፒፋስ ዓይነቶች ተካተቱ። ለሲ-8 የተቀመጠው የመመዝገቢያ መነሻ በሊትር 20 ናኖግራም ነበር፤ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ከ20 በታች የሆነው ሁሉ «አልተገኘም» በሚለው ረድፍ ገባ። ከ2023 እስከ 2025 በተደረገው አምስተኛ ዙር መነሻው ወደ 4 ናኖግራም ወረደ፤ የሚለኩትም 29 ዓይነት ሆኑ። በ2024 ደግሞ መንግሥት ለሲ-8 ያወጣው ከፍተኛ ወሰን ይኸው 4 ናኖግራም ነው። እንግዲህ አስቡት። በውኃዋ ውስጥ 15 ናኖግራም የነበረባት ከተማ በመጀመሪያው ወንፊት «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይደርሳታል፤ በሁለተኛው ወንፊት ግን ከወሰኑ ሦስት እጥፍ በላይ ትሆናለች። ውኃው ያው ውኃ ነው። የተለወጠው የወንፊቱ ዓይን ነው። በገብስ ወንፊት ጤፍ ነፍቶ «ከላይ የቀረ ነገር ስለሌለ ጤፍ አልነበረም» እንደ ማለት ነው።

የሚለካው የማን ውኃ ነው የሚለውም ሌላ ጥያቄ ነው። በሦስተኛው ዙር በሙሉ የተካተቱት ከአሥር ሺህ ሰው በላይ የሚያጠጡ የውኃ ድርጅቶች ናቸው፤ ከአነስተኞቹ ስምንት መቶ ብቻ በናሙና ተመረጡ። በግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ የሚጠጣው ገበሬ በሂሳቡ ውስጥ የለም። ወሰኑም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2025 መሥሪያ ቤቱ የሲ-8ን ወሰን እንደሚያጸና፣ የማክበሪያውን ጊዜ ግን ከ2029 ወደ 2031 ለመግፋትና በ2024 ከወጡት ወሰኖች አንዳንዶቹን ለማንሣት እንዳሰበ አስታወቀ። ይህን ስንል አሜሪካን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙ አገር ይህንንም ያህል አልለካም። ለማለት የፈለግነው ምን መለካት፣ የት መለካት፣ በምን ያህል ረቂቅ ወንፊት መለካት የሚለው ሁሉ ሰው የሚወስነው ውሳኔ መሆኑን ነው። ሰው የሚወስነው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ የሞራል ጥያቄ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጃፓን ነው። ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቺሶ የተባለው ኩባንያ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ሜርኩሪው ዓሣው ገላ ውስጥ ገባ። ዓሣውን የበሉት ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ፤ ቀጥሎ ተራው የሰዎች ሆነ። በሜይ 1 ቀን 1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ሐኪም ሀጂሜ ሆሶካዋ ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሣቱን ለመንግሥት ጤና ጽሕፈት ቤት አስታወቁ። በ1959 ደግሞ የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር እየቀላቀሉ ለድመቶች ሰጡ። ቁጥሯ 400 የሆነችው ድመት በኦክቶበር ወር ያንኑ በሽታ ታመመች። ሐኪሙ ለአለቆቻቸው ነገሩ። አለቆቹ ሙከራው እንዲቆም፣ ወሬውም እንዳይወጣ አደረጉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኩባንያው የበሽተኞቹን ቤተሰቦች የ«ማጽናኛ» ገንዘብ ውል አስፈረማቸው፤ ውሉ ወደፊት የበሽታው መነሻ የፋብሪካው ፍሳሽ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሌላ ካሣ አንጠይቅም የሚል ነበር። ፍሳሹ መፍሰሱን ቀጠለ። መንግሥት የበሽታውን ምክንያት በይፋ ያመነው በሴፕቴምበር 1968፣ ፋብሪካው ያንን የአሠራር ዘዴ ካቆመ ከአራት ወር በኋላ ነው።

በ2004 ግን የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። ከ1959 መጨረሻ በኋላ ማዕከላዊው መንግሥትና የኩማሞቶ አስተዳደር በእጃቸው በነበረው የሕግ ሥልጣን ፍሳሹን ማስቆም ሲገባቸው ባለማስቆማቸው ተጠያቂ ናቸው አለ። መርዙን ያፈሰሰው መንግሥት አልነበረም። የተፈረደበት ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ ነው።

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። አለማወቅ ከበደል ያድናል ወይ? አሪስቶትል ይህን ጥያቄ አንሥቶ ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ይቅርታ ይገባዋል ካለ በኋላ፣ ለአለማወቁ ራሱ ምክንያት የሆነውን ሰው ግን ይለየዋል። ሰክሮ ያጠፋ ሰው «አላወቅሁም» ቢል፣ አለመስከር በእጁ ነበርና ቅጣቱ እጥፍ ይሁን የሚል ሕግ በጥንት ግሪኮች ዘንድ እንደነበረ ይጠቅሳል። የእኛም አገር ልማድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ከቤቱም ከሥራውም ተለይቶ አውጫጭኝ ይባላል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ሁሉም በጋራ ይከፍላል። አፈርሳታ ብዙ ደሀ ያንገላታ ሥርዓት ነው፤ ይመለስ የሚል የለም። ውስጡ ያለው ሐሳብ ግን ሊያስተምረን ይችላል፦ «አላየሁም» የሚል ቃል ብቻውን ከሸንጎ አያስወጣም። ጉድለቱ ማየት የሚችለውንም የማይችለውንም እኩል ማሰሩ ነው። እኛ የምንለው ሸክሙ ዓይን በተሰጠው ላይ ይሁን ነው።

አለማወቅ ሦስት ዓይነት ነው ብለን እናስባለን። አንደኛው ማንም ሊያውቀው የማይችለውን አለማወቅ ነው፤ ይህ በደል የለበትም። ሁለተኛው ቢጠይቅ ሊያውቅ ይችል የነበረ ሰው ሳይጠይቅ መቅረቱ ነው፤ ይህ ቸልተኝነት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቢጠይቅ ምን እንደሚሰማ ስለሚጠረጥር አለመጠየቁ ነው። ፊቱን የሚያዞር ሰው ከየት ማዞር እንዳለበት ያውቃልና። እንዲህ ያለውን ሰው «አላየም» ማለት ቃሉን ማባከን ነው፤ እንዳያይ የመረጠው የሚታየው ነገር መኖሩን ገምቶ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ንቀን አናልፋቸውም፤ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ስንከራከርባቸው ቆይተናልና።

የመጀመሪያው የአቅም ጥያቄ ነው። «በሺህ የሚቆጠር ኬሚካል ማን ይለካል? አንድ መሣሪያ ስንት ሚሊዮን ነው? ተራ የተቅማጥ በሽታ ሕፃናትን በሚገድልበት አገር ስለ ናኖግራም ማውራት ቅንጦት አይሆንም?» ይህ ጥያቄ ቁም ነገር አለው። ሊያደርግ የማይችለውን አላደረግህም ተብሎ የሚወቀስ የለም። በእኛው ስምጥ ሸለቆ ከድንጋዩ ራሱ ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚገባው ፍሎራይድ የስንቱን ጥርስና አጥንት እንዳበላሸ እያየን፣ ቅድሚያ ለዚህ ወይስ ለዚያ ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን አቅም ማጣት አንድ ነገር ሲሆን፣ አቅም ማጣትን መደበቅ ሌላ ነው። «ይህንንና ይህንን ለክተናል፤ ይህንን ግን አልለካንም» ብሎ ዝርዝሩን የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት ታማኝ ነው። ያልለካውን «የለም» ብሎ የሚጽፍ ግን ውሸታም ነው። ያንን ዝርዝር ለመለጠፍ ደግሞ ወረቀትና ሙጫ ይበቃል። ከዚህም ሌላ መለካት ያለበት መንግሥት ብቻ ነው ያለው ማነው? ፋብሪካው በፍሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ ከሁሉ በፊት ያውቃል። ያፈሰሰ ያስለካ፣ የለካውንም ያስታውቅ፤ መንግሥት ደግሞ ሐሰት እንዳይሆን ያጣራ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእንጀራ ጥያቄ ነው። «ፋብሪካው ከተዘጋ ሠራተኛው ምን ይበላል?» በሚናማታ ይህ ጥያቄ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት ነበር። ብዙው የከተማ ሰው ኑሮው በፋብሪካው ላይ የቆመ ስለነበር፣ በሽተኞቹን እንደ ጠላት አይቶ አገለላቸው። እኛም የሠራተኛውን እንጀራ የሚንቅ ፍልስፍና ፍልስፍና ነው አንልም። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። እንጀራውን የሚበላውና መርዙን የሚጠጣው አንድ ሰው ነው ወይ? አንድ ቢሆንና አውቆ ቢመርጥ እንኳ ምርጫው መራራ ነው። በሚናማታ ትርፉን የወሰደው ኩባንያው፣ ደመወዙን የወሰደው የከተማው ሰው፣ በሽታውን በብዛት የወሰደው ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ነበር። ዓሣ አጥማጁ «እሺ» ብሎ አልተስማማም፤ አልተጠየቀማ። የሰው ሕይወት በሌላ ሰው እንጀራ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ባለቤቱ ሳያውቅ ከሆነ፣ ይህ ሚዛን ሳይሆን ዝርፊያ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብደናል። «መለካቱስ ይሁን፤ ለሕዝቡ መንገር ግን ፍርሃት ብቻ መፍጠር ነው» የሚለው ነው። ይህን በደንብ ለማየት የእናት ጡት ወተትን ጉዳይ እናንሣ።

የማይበሰብሱ ኬሚካሎችን ለማስቀረት የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ተፈርሞ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። አገራችንም ካጸደቁት አንዷ ናት። ሲጀመር አሥራ ሁለት ኬሚካሎችን ይዞ ነበር፤ ዲዲቲ አንዱ ነው። ሲ-8 በ2019 ተጨመረ። ስምምነቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በመለካት ስለሆነ፣ በዓለም ዙሪያ አየር፣ የሰው ደምና የእናት ወተት ይመረመራል፤ ውኃ ውስጥ ለሚሟሙት ደግሞ ውኃ። ወተት የተመረጠው ብዙዎቹ ኬሚካሎች በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀሙ ነው። ናሙናውን የሚሰጡት ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱ እናቶች ናቸው። ምክንያቱን ስንረዳ ደነገጥን፦ እናት ባጠባች ቁጥር ለዓመታት ያጠራቀመችውን ለልጇ ስለምታስተላልፍ፣ ከፍተኛው መጠን የሚገኘው በመጀመሪያው ልጅ ጊዜ ነው። የሃምሳ ያህል እናቶች ወተት በአንድ ዕቃ ይቀላቀልና እንደ አንድ ናሙና ይለካል። ውጤቱ የአገር ነው፤ የማንም እናት ስም የለበትም።

ኢትዮጵያ በዚህ ምርመራ ተሳትፋለች። ከዚህ ሌላ በ2013 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች በእናቶችና በላሞች ወተት ውስጥ ዲዲቲ መገኘቱን አሳይቷል። ዲዲቲ ወባን ለመከላከል ለአሥርተ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ተረጭቷል። የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈም መካድ የለብንም፤ ስምምነቱ ራሱ ለወባ መከላከያ ያለውን አጠቃቀም ለይቶ የፈቀደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለእናትየው ይነገራት ወይስ አይነገራት? «ብትነገር ማጥባት ትተዋለች፤ በተበከለ ውኃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ሰጥታ ልጇን ትገድለዋለች» ይላሉ። ይህ አደጋ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ማጥባት ይቀጥል የሚለው ጥቅሙ ስለሚበልጥ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው «አትንገሩ» ነው ወይስ «በደንብ ንገሩ»? እኛ ሁለተኛው ነው እንላለን። ሰው የሚደናገጠው ግማሹን ወሬ ከገበያ ሲሰማ ነው። ሙሉውን ከሚያምነው ሰው፣ በሚገባው ቋንቋ ቢሰማ ግን ያስባል፤ ይመዝናል። «አጥቢ፤ ወተትሽ ለልጅሽ ይበልጣል። ይህ ነገር ግን ተገኝቶበታል፤ የመጣውም ከዚህና ከዚህ ነው፤ እንዲቀንስ ይህ ይደረጋል» ማለት ይቻላል። የመጨረሻውን ማለት የማይችል መንግሥት ነው መንገርን የሚፈራው። የሚፈራውም የእናቲቱን ድንጋጤ ሳይሆን ጥያቄዋን ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። ወተቷን ሰጥታ የአገር ቁጥር እንዲወጣ ያደረገችው እሷ ናት። መሣሪያ ውጤቱ አይነገረውም፤ ሰው ግን ይነገረዋል። ውጤቱን ለጉባኤ አቅርቦ ለወተቱ ባለቤት የማይነግር አሠራር እናትን ከብልቃጥ እኩል አደረጋት ማለት ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን የሸሸገው ሌላ ሰው፣ የታመመው ሌላ ሰው ሲሆንስ ምን ይባላል?

ሕግ አጣን እንዳንል ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። መብቱ ሰፊ ነው። ግን አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃም መለኪያ ይፈልጋል። አቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በዳሩ የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ክሮም ይጠቀማሉ፤ ክሮም ብረት ነውና አይበሰብስም። በመስኖው ዳር ያለችው ሴት «ጎመኔ ውስጥ ምን አለ?» ብላ ብትጠይቅ በእጇ ያለው ዓይንና አፍንጫ ብቻ ነው። የመክሰስ መብት ሰጥቶ የማወቂያውን መንገድ መንፈግ ቁልፍ የሌለው ሣጥን እንደ መስጠት ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ጠባቂነትን የተቀበለ፣ ማየትን ተቀብሏል። በአቅሙ ልክ መመልከት፣ ያየውን ለሚጠጣው ሰው መንገር፣ ሊያስቆም የሚችለውን ማስቆም ግዴታው ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ለክቶ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈ ካልለካው አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል። ነግሮ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠም ሕዝቡን ከነጭንቀቱ ትቶት ሄደ ማለት ነው። «አላየሁም» የሚለው ቃል የሚያድነው ለማየት የሚችለውን ሁሉ ያደረገውን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስለ መንግሥት ስንናገር ስለ ሩቅ ሰው የምንናገር መስሎን ነበር። አይደለም። ከእኛ መካከል ኬሚስትሪ የሚማረው ነገ ጠርሙስ ይዞ ወንዝ ዳር የሚወርደው ነው። ሕግ የሚማረው አቤቱታውን የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው ነው። ሕክምና የሚማረው እናቲቱ ፊት የሚቀመጠው ነው። አንድ ቀን አለቃችን ወረቀቱን አይቶ «ይህን ለጊዜው አስቀምጠው» ይለናል። ድምፁም ክፉ አይሆንም፤ ሻይ እየጋበዘን ይሆናል የሚለን። በቤታችን የቤት ኪራይ አለ፣ የምንረዳቸው ታናናሾች አሉ።

ሐኪም ሆሶካዋ እዚህ ቦታ ላይ ቆመው ነበር። በሽታውን መጀመሪያ ያስታወቁት እሳቸው ናቸው፤ የድመቷን ውጤት ይዘው ዝም ያሉትም እሳቸው ናቸው። በ1970 በካንሰር ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ስለዚያች ድመት ለፍርድ ቤት መሰከሩ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ። ምስክርነታቸው በሽተኞቹ በ1973 እንዲረቱ ረዳ። ከሙከራው እስከ ምስክርነቱ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ አለፈ። እኚህን ሰው ጀግና እንበላቸው ወይስ ፈሪ በሚለው ላይ በመካከላችን አልተስማማንም። ግማሾቻችን ደመወዝተኛ ሐኪም ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችል ነበር እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ዓሣ በልተው የታመሙትን እንቆጥራለን። የተለየ ሐሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት ጽፎ ያምጣልን፤ በሚቀጥለው እትም ክርክሩን ከዚሁ እንቀጥላለን።